ልጄ ከተረት ፊልም እንግሊዝኛ ተማረች ወይስ ፊልም ብቻ አየች?

የጅሬን አባት፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጅ አለችኝ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ስትማር ስለቆየች ሒሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ መስከረም እንግሊዝኛ ሲሆኑባት ግራ ተጋባች። አንድ ዘመዳችን «ተረት ፊልም አሳያት፤ ታሪኩ ቀላል ስለሆነ ቋንቋው ሳይታወቃት ይገባታል» ብሎ ስለመከረኝ፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ካለ አንድ ሞባይል ቤት የሲንደሬላን ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣውን የካርቱን ሥራ፣ በፍላሽ አስጭኜ አመጣሁላት። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አየችው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ቡና ተፈልቶ በተቀመጥንበት ታሪኩን ለአያቷ እንድትተርክላት ጠየቅኋት። እንዲህ አለች፦ ንጉሡ ለልጁ ሚስት እንዲገኝለት ብሎ የኳስ ጨዋታ አዘጋጀ፤ የአገሩ ልጃገረዶች ሁሉ ተጠሩ፤ ሲንደሬላን ግን እንጀራ እናቷ ወደ ኳሱ እንዳትሄድ ከለከለቻት፤ በኋላ አንዲት አሮጊት መጥታ ዱባውን አሰልጣኝ አደረገችላት። እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ «ዱባው ምን ሆነ?» አለች። ልጄ ምንም ሳታመነታ «አሰልጣኝ፤ ኮች» አለቻት። ሠረገላውን አላየሽም ወይ ብላት፣ ማየቱንስ አይታዋለች፤ አሰልጣኙ ግን ከፊት ተቀምጦ ፈረሶቹን የሚነዳው ባለ ባርኔጣ ሰውዬ መስሏታል። ኳሱስ የታለ ብላት «እሱን ቆርጠውታል፤ በፍላሽ የሚጫን ፊልም እኮ ሁሌም ይቆረጣል» ብላ መለሰችልኝ።

ስቀን ስናበቃ ነገሩ ከነከነኝ። «ቦል» ኳስም የዳንስ ግብዣም፣ «ኮች» አሰልጣኝም ሠረገላም መሆኑን እኔም ያወቅሁት መዝገበ ቃላት ገልጬ ነው። ሦስት ጊዜ ያየችው ፊልም ይህን ካላስተካከለላት አራተኛው ምን ይጨምርላታል? ቋንቋ የምታስተምሩ ወይም በዚህ መንገድ የሞከራችሁ ካላችሁ እንድትመክሩኝ እጠይቃለሁ።

መምህር ከሄርማታ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 3:25

ወንድሜ፣ ልጅዎ ብልህ መሆኗን ከስህተቷ ተረድቻለሁ። ሁለት የማታውቃቸውን አጠቃቀሞች ከምታውቀው ዓለም፣ ምናልባትም ከወንድሞቿ የኳስ ወሬ፣ ወስዳ እርስ በርሱ የሚስማማ ታሪክ ሠርታለች። ኳስ ካለ አሰልጣኝ መኖሩ ተገቢ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በተረት ፊልምም ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። የደረስኩበት ነገር ቢኖር የዚህ ዓይነቱ ፊልም ትልቁ ጥቅምና ትልቁ ጉዳት አንድ መሆኑ ነው፤ ይኸውም ሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ታሪኩን ስለሚነግረን ጆሮአችን ያርፋል። ተማሪው ፊልሙን አይቶ «ገባኝ» ሲል እውነቱን ነው፤ የገባው ግን በዓይኑ ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜም ሠላሳ ጊዜም ቢታይ፣ ዓይን የያዘውን ጆሮ አይወርሰውም። እኔ የማደርገው ሙሉውን ፊልም አንድ ጊዜ ለደስታ ማሳየት፣ ከዚያ በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ የሚሆን አንድ ቁራጭ መርጬ ለሁለት ሳምንት በእሱ ላይ መቆየት ነው። ቁራጩን አንድ ቀን በሥዕል፣ በማግስቱ ስክሪኑን ገልብጬ በድምፅ ብቻ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ድምፁን ዘግቼ ሥዕሉን እያዩ ንግግሩን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሞሉት አደርጋለሁ። ከሁሉ የሚከብዳቸው ሦስተኛው ቀን ነው፤ የተማሩትም ያልተማሩትም የሚለየው ያን ዕለት ነው።

ሰዋስውን በተመለከተ ተረትን የሚስተካከል ነገር ያላየሁበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉት ሁለት ቃላት ናቸው። በሰሌዳ ላይ ያልተወሰነና የተወሰነ መስተአምር እያልኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ተማሪዎቼም ሕጉን ሸምድደው ፈተና ላይ ይጥሉታል። በአማርኛ ተረት ብጀምርላቸው ግን ወዲያው ያዩታል። «አንድ ባላባት ነበረ። ባላባቱ አንዲት ልጅ ነበረችው። ልጅቷ ደግ ነበረች።» መጀመሪያ ሲነሳ «አንድ» ወይም «አንዲት» የሆነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ መጨረሻው ላይ «ኡ» ወይም «ዋ» ወይም «ቷ» ይለጥፋል። እንግሊዝኛው ከፊት ያስቀምጠዋል፤ እኛ ከኋላ እንለጥፈዋለን፤ ሥራው ግን አንድ ነው። ተረት ሁሉ ሰዎቹንና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያስተዋወቀ ስለሚሄድ፣ የትኛው ስም ለአድማጩ አዲስ፣ የትኛው የታወቀ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ዘ ኪንግ» መጀመሪያውኑ «ዘ» ይዞ ቢመጣ ደግሞ ለአንድ አገር ያለው አንድ ንጉሥ ስለሆነ ነው፤ ይህንንም «ፀሐይ» እና «ጨረቃ» ከሚባሉት ጋር አያይዤ አሳያቸዋለሁ።

ለጊዜው ለልጅዎ ይህን ይሞክሩላት። «ቦል» እና «ኮች» የሚሉትን በደብተሯ አትጻፋቸው፤ «ቱ ጊቭ ኤ ቦል» ብላ ሙሉውን ትጻፈው። ኳስ የሚሰጥ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ንጉሥ ግን በደብዳቤ አገር ሁሉ ጠርቶ ኳስ አይሰጥም። ቃል ብቻውን ሲያዝ ያታልላል።

ጡረተኛው፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 4:05

እኔ በዚህ ነገር ላይ እምነት የለኝም፤ ቅር እንዳትሰኙ። አርባ ዓመት ገደማ ያስተማርኩት በመጽሐፍ፣ በሰሌዳና በጠመኔ ነው፤ ከተማሪዎቼም መካከል ዛሬ ሐኪም የሆኑ አሉ። መምህር ከሄርማታ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ስለ «ኤ» እና «ዘ» ያሉትም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ያሉት ነገር የተረት ጥቅም ነው እንጂ የፊልም ጥቅም አይደለም።

ልዩነቱን ላስረዳ። ተረት በመጽሐፍ ሲነበብ ትረካ ነው፤ «ነበረች»፣ «ሄደች»፣ «አለቀሰች» እያለ በኃላፊ ጊዜ ይሄዳል። ፊልም ሲሆን ግን ተራኪው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተናግሮ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ምልልስ ነው። እንጀራ እናቲቱ «አጥቢ»፣ «ጥረጊ»፣ «ዝም በይ» ትላለች፤ ይህ ትእዛዝ ነው። ልዑሉ «አንቺ ማን ነሽ?» ይላል፤ ይህ የአሁን ጊዜ ነው። ታዲያ ኃላፊ ጊዜን፣ በተለይ ቅርጻቸው ከሕግ የሚወጣውን ግሦች፣ ልጆቹ ከየት ያገኙታል? እኔ የምለው ተረቱን ያንብቡ ነው። ፊልሙ ለበዓል ይቆይ።

መምህር ከሄርማታ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 4:20

መምህር፣ እጅ ሰጥቻለሁ፤ ይህ ያልጠቀስኩት ትክክለኛ ነጥብ ነው። የእኔም መልስ ከእርስዎ አይርቅም፤ ኃላፊው ጊዜ የሚመጣው ከፊልሙ ሳይሆን ተማሪው ፊልሙን መልሶ ሲተርክ ነው። ፊልሙ «ኸሪ» ሲል ተማሪው «ሺ ኸሪድ» ማለት አለበት። «ስትራይክ» ወደ «ስትራክ»፣ «ዊፕ» ወደ «ዌፕት»፣ «ኒል» ወደ «ኔልት»፣ «ፍሊ» ወደ «ፍሌድ» የሚለወጡት በእሱ አፍ ነው እንጂ በስክሪኑ ላይ አይደለም። ስለዚህ ያልተተረከ ፊልም ለሰዋስው ግማሽ ሥራ ነው ብል ሳንስማማ አንቀርም።

የግቢ ልጅ፣ እሑድ ከጠዋቱ 2:10

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ቃላት ብዛት ያነበብኩትን ላካፍል፤ «ፊልም ቀላል ነው» የሚለውን አባባል በልኩ እንድንይዘው ይረዳልና። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት የ318 ፊልሞችን ንግግር መርምሮ ነበር። በውጤቱም 3,000 ያህል የቃላት ቤተሰቦችንና በፊልሙ ያሉትን የተጸውዖ ስሞች የሚያውቅ ሰው ከሚነገሩት ቃላት 95 ከመቶ ያህሉን ያውቃል፤ ወደ 98 ከመቶ ለመድረስ ግን 6,000 ያህል ያስፈልጋል። የቃላት ቤተሰብ ሲባል «ሠራ»፣ «ሠራተኛ»፣ «ሥራ» እንደ አንድ ተቆጥረው ማለት ነው።

95 ከመቶ ትልቅ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ከሃያ ቃል አንዱ አይታወቅም ማለት ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሃያ ቃል ስንት ጊዜ እንደሚነገር አስቡት። ያ የማይታወቀው አንድ ቃል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ የተንጠለጠለበት፣ እንደ «ቦል» ያለው ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባች ልጅ ሦስት ሺህ አላት ብዬ አልገምትም።

የልጆች ፊልም ስለሆነ ቃሉ የልጅ ነው ማለትም አይደለም። የልጆቹ ፊልም የተሠራው እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጋር ለጠጡ ልጆች ነው፤ አምስት ዓመት የሞላው የእነሱ ልጅ መጥረጊያውንም፣ ድስቱንም፣ ዱባውንም በስሙ ያውቀዋል። እኛ ፎቶሲንተሲስ የሚለውን እያወቅን መጥረጊያ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል የማናውቅ ሰዎች ነን። ይህን የምጽፈው በራሴ ስለደረሰ ነው፤ ተረት ፊልም ሳይ ያስቸገሩኝ ከባድ ቃላት ሳይሆኑ የማዕድ ቤት ቃላት ነበሩ።

አጋሮ፣ እሑድ ከጠዋቱ 3:30

እኔ በአፋን ኦሮሞ ነው የተማርኩት፤ አሁንም አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። የኛ ተማሪዎች ችግር ከአማርኛው ትንሽ ስለሚለይ ልጨምር። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ልጆቻችን የላቲን ፊደል የሚቆጥሩት ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። ይህ ለእንግሊዝኛ መንገድ የጠረገ ይመስላል፤ በከፊልም እውነት ነው። ችግሩ ቁቤ ሐቀኛ መሆኑ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ ይነበባል፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈ አናባቢ ረዝሞ ይነበባል። ስለዚህ ልጁ ጨረቃን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲያገኘው «ሙን» በማለት ፋንታ «ሞን» ይለዋል፤ «ጉድ» የሚለውን «ጎድ»፣ «ስሊፕ» የሚለውን «ስሌፕ» ይለዋል። ኤክስ የምትባለው ፊደል በቁቤ «ጠ» ስለሆነች ሣጥን የሚለው ቃል «ቦጥ» ይሆናል።

የተረት ፊልም ያገዘኝ እዚህ ላይ ነው። «ናይት» የሚባለው ፈረሰኛ፣ «ካስል» የሚባለው ግንብ፣ «ሶርድ» የሚባለው ሰይፍ በጽሑፍ ሲታዩ ድምፅ የሌላቸው ፊደላት አሉባቸው። ልጁ ከማንበቡ በፊት በጆሮው ከሰማቸው፣ በኋላ ጽሑፉን ሲያይ «ይቺ ፊደል ዲዳ ናት» ይላል። መጀመሪያ ካነበባቸው ግን እስኪያረጅ «ክናይት» ማለቱን አይተውም።

በነገራችን ላይ «ቦል» የሚለውን አንድ ተማሪዬ በቁቤ ሥርዓት «ባል» ብሎ አነበበውና ዐረፍተ ነገሩን ሲተረጉም «ልዑሉ ባል ይሰጣል» አለ። የዚህ ልጅ ስህተት ከሁላችንም ትርጉም ይልቅ ለታሪኩ የቀረበ ነው።

ነርሷ፣ እሑድ ከጠዋቱ 4:00

ከዚህ በፊት ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር። ተረቱን ከልጄ ጋር ስናይ «አት ዘ ስትሮክ ኦፍ ሚድናይት» ሲባል ሰማሁ። ሆስፒታል የምውል ሰው ስለሆንኩ ስትሮክ ሲባል የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ እኩለ ሌሊት ላይ የሚነሳ ሕመም አለባትና ለዚያ ነው የምትሮጠው ብዬ አዝኜላት ነበር። የሰዓት ደወል ምት መሆኑን የነገረችኝ ልጄ ናት።

የሁለት ልጆች እናት፣ እሑድ ከቀኑ 8:15

ነርሷ እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ደግሞ የምለው ስለ ዝምድና ስሞች ነው፤ በዚህ ተረት ውስጥ ትልቁ ችግር እሱ ሆኖ ስላገኘሁት።

ልጄ «ጎድማዘር» የሚለውን መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጋ «የክርስትና እናት» የሚል አገኘች። የክርስትና እናቷን በደንብ ታውቃታለች፤ አጂፕ አካባቢ የምትኖር፣ ለፋሲካ ቀሚስ የምትገዛላት ሴት ናት። ታዲያ ያቺኛዋ በትር እያወዛወዘች ዱባ የምትለውጠው ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጎረቤታችን ያለችው ሙስሊም ጓደኛዋ ደግሞ የክርስትና እናት የሚባለው ነገር ራሱ አዲስ ሆነባት፤ ሁለቱም በየፊናቸው ግራ ገባቸው። ከ«ጎድማዘር» ፊት የምትቀመጠውን «ፌሪ» የምትለዋን ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ልመልስ ብዬ አልሆነልኝም። ጂኒ ስላት ክፉ ሆነች፤ መልአክ ስላት ሃይማኖት ገባበት። በመጨረሻ «ተአምር የምትሠራ የተረት ሴት» ብዬ አለፍኩት።

«ስቴፕማዘር» ላይ ግን ደስ የሚል ነገር አገኘን። ልጆቼ «ስቴፕ» ደረጃ ማለት ስለሆነ በደረጃ የምትከተል እናት መስላቸው ነበር። እኔም እንዲሁ። ለካ ይህኛው «ስቴፕ» ከደረጃው ጋር ዝምድና የለውም፤ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የመጣና ወላጅን ከማጣት ጋር የተያያዘ ቅጥያ ነው። እነሱ የሰየሟት ልጁ ባጣው ነገር ነው፤ እኛ እንጀራ እናት ስንል በምትሰጠው እንጀራ ሰይመናታል፤ ያውም ብትሰጠው ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፊልሙን ከማየታችሁ በፊት ታሪኩን አንብቡ የሚለውን ምክር ተከትለን አንድ መጽሐፍ ብናገኝ፣ ዱባም የለበት፣ አሮጊቷም የሉበት፣ ጫማውም የወርቅ ነው። ልጆቼ መጽሐፉ ተሳስቷል አሉ። በኋላ ስንረዳ ዱባውና የመስታወት ጫማው የመጡት እ.ኤ.አ. በ1697 ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ካሳተመው ነው፤ ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 በጀርመንኛ ያወጡት ግን ሌላ መልክ አለው፤ ልጅቷን የሚረዷት በእናቷ መቃብር ላይ የበቀለው ዛፍና ወፎቹ ናቸው። ስለዚህ ከፊልሙ ጋር የሚሄደውን ለማንበብ ከፈለጋችሁ የፔሮን ፈልጉ።

መምህር ከሄርማታ፣ እሑድ ከምሽቱ 1:30

የሁለት ልጆች እናት ያነሱት ግሩም ነው፤ ለክፍሌ ልወስደው አስባለሁ። ጡረተኛው መምህር ትናንት «ሰዋስው ከፊልም የት ይገኛል» ስላሉኝ አድሬበት፣ አንድ ትዕይንት ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ የእኩለ ሌሊቱን።

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል። አሮጊቷ ውሉ የሚያበቃው «ትዌልቭ» ላይ ነው ስትል፣ ከተማሪዎቼ ግማሹ «አሥራ ሁለት ሰዓት» ብለው ጻፉ። በኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ማታ ፀሐይ የምትጠልቅበት ነው። አንዱ ተማሪዬ «ገና ሳይመሽ ድግስ ጥላ የምትሄደው ቤቷ ቢርቅ ነው» ብሎ ምክንያት ሠርቶላት ነበር። የእነሱ አሥራ ሁለት የኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት መሆኑን ሳይናገሩ ይህን ተረት ማስተማር አይቻልም።

ቀጥሎ አማርኛችን የሚያሳስተን ቦታ ይመጣል። «እስከ ስድስት ሰዓት ቆዪ» እንላለን፤ «እስከ ስድስት ሰዓት ተመለሺ» እንላለን። ሁለቱም «እስከ» ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። እየጨፈረች መቆየቷ፣ ማለትም ሳይቋረጥ እስከዚያ ሰዓት የሚዘልቀው ነገር፣ «አንቲል ሚድናይት» ነው። መመለሷ፣ ማለትም ከዚያ ሰዓት በፊት አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃው ነገር፣ «ባይ ሚድናይት» ነው። ተማሪዎቼ ሁሉንም «አንቲል» ይላሉ፤ ፈተና ላይ ብቻ ሳይሆን የሥራ ማመልከቻ ላይም አይቻለሁ። ሕጉን ነግሬ ነግሬ የደከመኝን ነገር፣ ይህን ትዕይንት አሳይቼ «እስከ ስድስት ሰዓት የምትጨፍረው የትኛዋ ናት፤ እስከ ስድስት ሰዓት ቤቷ መድረስ ያለባትስ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ሁለቱን «እስከ»ዎች ለዩዋቸው። ሠረገላው ዱባ ሲሆን ማየት ሕጉን ከመሸምደድ የተሻለ ያስታውሳል።

ሦስተኛው «ኢፍ» ነው። ይህ ተረት በአንድ ጫማ ላይ ስለሚያበቃ ሦስቱንም ዓይነት ዐረፍተ ነገር ከእሱ ማውጣት ይቻላል። ጫማው ልኳ ከሆነ ልዑሉ ያገባታል፤ ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ እንግሊዝኛውም «ኢፍ ዘ ሹ ፊትስ» ብሎ በአሁን ጊዜ ይጀምርና በ«ዊል» ይጨርሳል። እናቷ ብትኖር ኖሮ እንዲህ አትንገላታም ነበር፤ ይህ ዛሬ ያልሆነ ነገር ነው፤ «ዉድ» ይፈልጋል። ጫማዋ ባይወልቅ ኖሮ ልዑሉ አያገኛትም ነበር፤ ይህ ደግሞ ያለፈና የማይመለስ ነው፤ «ሃድ» እና «ዉድ ሃቭ» ይፈልጋል። ልብ በሉ፣ በአማርኛ ሁለተኛውም ሦስተኛውም በ«ኖሮ» እና በ«ነበር» አለቁ። አማርኛ ለሁለቱ አንድ ልብስ ስላለበሰ ተማሪው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቢያደባልቅ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መምህሩ ልብሱን ሳይሆን ጊዜውን ማሳየት አለበት፤ «ዛሬ ነው ወይስ ያኔ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ጡረተኛው፣ እሑድ ከምሽቱ 2:00

የ«ባይ» እና የ«አንቲል» ነገር በአርባ ዓመት ውስጥ በዚህ መልክ አስተምሬው አላውቅም። ፊልሙ ለበዓል ይቆይ ያልኩትን በከፊል አንስቻለሁ። በከፊል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። በ«ኢድ» የሚጨርሱትን ግሦች ልጆቻችን ሁሉ «ሉክድ»፣ «ዳንስድ» እያሉ ያነቧቸዋል። ፊልሙ ይህን ያርማል ወይስ አያርምም?

መምህር ከሄርማታ፣ እሑድ ከምሽቱ 2:10

ተራኪው ባለበት ክፍል ያርማል። «ሉክት»፣ «ዳንስት»፣ «ሊቭድ»፣ «ዎንቲድ» በአራት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ዓይነት አጨራረስ ናቸው። ከ«ኢድ» በፊት ያለው ድምፅ የሚያንሾካሹክ ከሆነ «ት»፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ «ድ»፣ ራሱ «ት» ወይም «ድ» ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀለም ይጨመራል። እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው «ስ» እና «ዝ» እንዲሉ ሳደርጋቸው ልዩነቱን በጣታቸው ይዳስሱታል።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ሰኞ ከቀኑ 6:40

ሙያዬ ቋንቋ አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ጽሑፉ፣ ማለትም ስለ ሰብታይትሉ፣ ማንም አላነሳም። ብዙ ሰው ሱቄ እየመጣ «የአማርኛ ትርጉም ያለው ጫንልኝ» ይለኛል። ለመዝናናት ከሆነ መልካም ነው፤ ለመማር ከሆነ ግን የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ውሰዱ እላለሁ። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ እንግሊዝኛ የሚያውቁ የደች ተናጋሪዎች ያልለመዱትን የስኮትላንድና የአውስትራሊያ አነጋገር በፊልም እንዲሰሙ ተደረገ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያዩት ጆሯቸው ለአነጋገሩ ቶሎ ተላመደ፤ በራሳቸው ቋንቋ ጽሑፍ ያዩት ግን አዲስ ንግግር ሲሰሙ እንዲያውም ተቸገሩ። ለጀማሪ ልጅ ይህ በቀጥታ ይሠራል ማለቴ አይደለም፤ እነዚያ ቋንቋውን ቀድመው የሚያውቁ ነበሩ። ጽሑፉ ጆሮን ወዴት እንደሚመራ ግን ያሳያል።

ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ከፊልሙ ጎን ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ይመጣል፤ መጨረሻው ኤስአርቲ የሚል ነው። ይህን ፋይል በኖትፓድ ብትከፍቱት ከነደቂቃው የተጻፈ ንግግር ሆኖ ታገኙታላችሁ። መምህር ከሄርማታ የሚሉትን የአሥር ደቂቃ ቁራጭ ቆርጣችሁ በሁለት ገጽ ማሳተም ትችላላችሁ። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ደግሞ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል፤ ከመጠን በላይ ከተቀነሰ ግን ድምፁ የሰከረ ሰው ድምፅ ይመስላል፤ ትንሽ ብቻ ቀንሱት። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ፋይሉ ለሌላ ቅጂ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ እሱንም እዚያው ማስተካከል ይቻላል።

ተከፋዩ አባት፣ ሰኞ ከቀኑ 9:05

ይህን ሁሉ ሳነብ ተናደድኩ፤ በእናንተ ሳይሆን በከፈልኩት ገንዘብ። ባለፈው ክረምት ከተማችን ውስጥ ካሉት የማጠናከሪያ ትምህርት ቤቶች አንዱ «በፊልም እንግሊዝኛ» ብሎ አስመዘገበን። ልጄን አንድ ቀን ቀደም ብዬ ላመጣው ብሄድ፣ አርባ የሚሆኑ ልጆች በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል፤ መምህሩ ከበር ውጭ ስልኩን እየነካካ ነው። ቆም ብሎ ያስደገማቸው ነገር ካለ ብዬ ልጄን ብጠይቀው «መብራት ሲጠፋ ይቆማል» አለኝ።

የጅሬን አባት፣ ዓርብ ከምሽቱ 4:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግነውን ልንገራችሁ።

የእኩለ ሌሊቱን ትዕይንት መረጥን፤ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው። ጽሑፉን ኮምፒውተር ጠጋኙ እንዳሉት አውጥቼ አሳተምኩት። ማክሰኞ በሥዕል አየነው፤ ረቡዕ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን በድምፅ ብቻ ሰማነው። ልጄ በሥዕል ስታየው ሁሉም ገብቷት የነበረው፣ በድምፅ ሲሆን ከአሥሩ ዐረፍተ ነገር አራቱን ብቻ ያዘች፤ ራሷም ደነገጠች። ወንድሟም ከእሷ ጋር ተቀመጠ፤ አሰልጣኙን ለማየት ነው ብሎ። ሐሙስ ደግመን ሰማነው። አራቱ ሰባት ሆኑ።

ዛሬ ድምፁን ዘግተን እንድትሞላው ስናደርግ ሰዓቱ መደወል ሲጀምር መብራት ሄደ። ውጭ ዝናብ ነበር፤ ጅማ ላይ ዝናብና መብራት መጥፋት እንደ ባልና ሚስት ናቸውና አልተገረምንም። እናቴ ሻማ ስትፈልግ ልጄ በጨለማው ቀጠለች። በኃላፊ ጊዜ፣ ቀስ እያለች፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ እየተመለሰች ራሷን እያረመች ተረከችው፤ «ዘ ክሎክ ስትራክ ትዌልቭ» ያለችው በትክክል ነው፤ «ስትራይክድ» አላለችም። አንድ ጫማ ስትል «ኤ» አለች፤ ልዑሉ ሲያነሳው «ዘ» አለች፤ ይህንን እንኳ ልብ ያልኩት እናንተ ስላስተማራችሁኝ ነው።

«ሺ ሃድ ቱ ሪተርን አንቲል ሚድናይት» ስትል ግን ላርማት አፌን ከፍቼ፣ «ባይ» ይሁን «አንቲል» ለራሴም ጠፋኝና ሻማው እስኪበራ ዝም አልኩ። ወረቀቱን ሳይ የመምህሩ ምሳሌ ትዝ አለኝ። ነገ እነግራታለሁ።

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ልጅቷ ስትጨርስ «ታዲያ ኳሱን ማን አሸነፈ?» አለች።